ለትምህርት ቤቱ ቦርድ ልወዳደር ወይስ ይቅርብኝ?

«ይድረስ ለእትዬ። እንደምን ሰነበቱ? ለንደን ስኖር 9 ዓመቴ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ትልቁ ይር ፎር (አራተኛ ዓመት) ነው፣ ትንሿ ዘንድሮ ሪሴፕሽን (መግቢያው ክፍል) ገብታለች። ሥራዬ ኬር ወርከር ነው፣ አረጋውያን እንከባከባለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ማታ ነው የምገባው። ባለፈው ሳምንት ልጄ በቦርሳው ደብዳቤ ይዞ መጣ። አንድ የወላጅ ገቨርነር (የትምህርት ቤቱ ቦርድ አባል) ቦታ ስለተለቀቀ መወዳደር የሚፈልግ ቅጽ ይሙላ ይላል። የልጄ ጓደኛ እናት ‹አንቺ ግቢ› ትለኛለች። ባለቤቴ ደግሞ ‹ፈርሚ ሲሉሽ ልትፈርሚ ነው? ምን አገባሽ!› ይላል። እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃኛል እንጂ ለስብሰባ የሚያስመካ አይደለም። ፓስፖርቴም ገና የኢትዮጵያ ነው። ደግሞ ባለፈው ዓመት አንዲት ሴት ያለ ምንም ምርጫ ገቨርነር ሆና ገባች፤ ሄድ ቲቸሯ (ርዕሰ መምህርቷ) ናት ያመጣቻት ይባላል። ታዲያ ምርጫው ለይስሙላ ነው ማለት ነው? ባለፈው ወር ልጄን ለአንድ ቀን አግደውት ነበር፤ አብሮት የተጣላው ልጅ ግን ምንም አልተባለም። ቦርዱ ውስጥ ብሆን ቢያንስ ይሰሙኝ ነበር እላለሁ። ሐበሻ እናቶች 11 ነን፣ ሁሉም እንመርጥሻለን ብለውኛል። ቅጹ የሚመለሰው አርብ ነው። ምን ይመክሩኛል? ከሰሜን ለንደን።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ስለ ምርጫ ብቻ የምትጠይቂኝ መስሎኝ ነበር። ሁለተኛ ሳነበው ግን ዓይኔ አንድ ቦታ ላይ ቀረ፤ ልጅሽ የታገደበት መስመር ላይ። እሱን እንመለስበታለን። አንጀትሽን የሚበላሽ እሱ መሆኑ ግን አልጠፋኝም።

መጀመሪያ ቀላሉን ላቃልልሽ። መወዳደር ትችያለሽ። ፓስፖርትሽ አይከለክልሽም። የኢንግላንድን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቦርድ አወቃቀር የሚወስን በፈረንጆቹ 2012 የወጣ ደንብ አለ። ማን ገቨርነር መሆን እንደማይችል ዘርዝሮ አስቀምጧል። ዜግነት እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። (ስኮትላንድና ዌልስ ያላችሁ አንባቢዎች ይህን ለራሳችሁ አትውሰዱት፤ እናንተ ጋ ሕጉ ሌላ ነው።) ዕድሜሽ 18 የሞላ፣ ልጅሽም እዚያ የሚማር ከሆነ በሩ ክፍት ነው። የሚከለከሉት ሌሎች ናቸው። ከስሮ በፍርድ ቤት የታወጀበትና ገና ያልተነሳለት፣ ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ የ3 ወር ወይም ከዚያ በላይ እስራት የተፈረደበት፣ ከልጆች ጋር እንዳይሠራ የታገደ፣ እንዲህ ያሉ ናቸው። የካውንስል፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ ተመራጭ የሆነ ሰውም በወላጅነት መግባት አይችልም።

አንዲት ነገር ልጨምር፣ ለአንቺ ሳይሆን ለጓደኞችሽ። በትምህርት ቤቱ ተቀጥሮ በ12 ወር ውስጥ ከ500 ሰዓት በላይ የሚሠራ ወላጅ የወላጅ ገቨርነር መሆን አይችልም። ምሳ ሰዓት ላይ ልጆች የሚጠብቁ ስንት ሐበሻ እናቶች አውቃለሁ፣ «እኔማ ሠራተኛ ነኝ» ብለው ደብዳቤውን ሳያነቡ የሚጥሉ። እስቲ እናስላው። በቀን አንድ ሰዓት ተኩል፣ ልጆች የሚማሩበት ቀን በዓመት 190፤ 285 ሰዓት ነው። ከ500 በብዙ ያንሳል። ይችላሉ ማለት ነው።

አሁን ወደ ምርጫው። የእድራችንን ምርጫ ታውቂዋለሽ። በእኛ እድር የሚመረጠው ያን ቀን የቀረ ሰው ነው። «ጸሐፊ ማን ይሁን?» ይባላል፣ ሁሉም መሬት መሬት ያያል፣ ከዚያ አንዱ የሌለ ሰው ስም ይጠራል፣ እጅ ይወጣል፣ አለቀ። ሰውዬው ማታ በስልክ ይነገረዋል። እዚህ እንዲህ አይሆንም። ራስሽ ቅጽ ትሞያለሽ፣ ስለራስሽ አጭር ጽሑፍ ታያይዣለሽ። ክፍት ከሆነው ቦታ የበለጠ ተወዳዳሪ ካልቀረበ ምርጫ የሚባል ነገር የለም፤ የቀረበው በቀጥታ ይገባል። ብዙ ትምህርት ቤት የሚሆነውም ይኸው ነው። ስለዚህ አርብ ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደውሎ «እንኳን ደስ ያለሽ» ልትባዪ ትችያለሽ። ተዘጋጂ።

ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ድምፅ ይሰጣል። ድምፁ ሚስጥር ነው። ወላጅ ሁሉ ይመርጣል፣ እናትም አባትም ለየብቻቸው። ወላጅ ሲባል የወለደ ብቻ አይደለም። ልጁን የምታሳድገው አክስትም፣ አያትም ትቆጠራለች። ሦስት ልጅ ያላት ሦስት ድምፅ የላትም። ወረቀቱን በፖስታም በልጅ ቦርሳም መመለስ ይቻላል፣ ኦንላይን የሚያደርጉትም አሉ። ምርጫውን የማስፈጸም ኃላፊነት በካውንስሉ ሥር ባሉት ትምህርት ቤቶች የካውንስሉ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ለሄድ ቲቸሯ አሳልፎ ይሰጣታል።

«11 እናቶች ነን» ያልሽው ደስ ብሎኛል። ግን 11 እናት 11 ድምፅ ብቻ ነው ያለሽ ማነው? ባሎቻቸውስ? ያንቺም ባል ድምፅ አለው፤ ለማን እንደሚሰጥ እንጃ እንጂ። በር ላይ ቆመሽ «ተወዳድሬያለሁ፣ ጽሑፌን አንብቡልኝ» ማለት ነውር አይደለም። አንድ ነገር ግን አደራ፤ የማንንም የድምፅ ወረቀት እንዳትሰበስቢ። «አንቺ አድርሺልኝ» ቢሉሽም እምቢ በይ። እኔ በተወዳደርኩ ጊዜ አንዱ ወላጅ ለደግነቱ ብሎ የ7 ሰው ወረቀት ሰብስቦ ቢሮ አስገባ። ወረቀቶቹ በአንድ እስክሪብቶ የተሞሉ ይመስላሉ ተባለ። ለሁለት ሳምንት ጉድ ፈላ። ሰውዬው ምንም አላጠፋም ነበር፣ እስክሪብቶ ያበደራቸው እሱ ስለነበረ ነው። ግን ማን ይሰማዋል።

ወደዚያች «ያለ ምርጫ ገባች» ወዳልሻት ሴት እንምጣ። ሰው ሁሉ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው፣ እኔም ዓመት ሙሉ ተደናግሬያለሁ። ቦርዱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሁሉ በምርጫ አይገቡም። ቤቱ አንድ ነው፣ በሩ ግን ብዙ ነው። ደንቡ የሚለው ቦርዱ ቢያንስ 7 ሰው ይኑረው ነው። ከእነዚህ ውስጥ ቢያንስ 2 ወላጆች በወላጆች ይመረጣሉ። 1 ሠራተኛ በሠራተኞች ይመረጣል፤ አስተማሪ ብቻ ሳይሆን ወጥ ቤት ያለችውም የትምህርት ቤቱ ተቀጣሪ ከሆነች ድምፅ አላት። ሄድ ቲቸሯ በሥልጣኗ ትገባለች፣ ካልፈለገች መተው ትችላለች። 1 ሰው ካውንስሉ ይጠቁማል፤ ሹመቱን የሚያጸድቀው ግን ቦርዱ ነው። የቀሩትን ደግሞ ቦርዱ ራሱ ፈልጎ ይሾማል። እነዚህን ነው «ኮኦፕትድ» የሚሏቸው። ሒሳብ የሚያውቅ ጎደለን፣ የሕንፃ ጉዳይ የሚገባው ጎደለን ይሉና ሰው ይፈልጋሉ።

ሴትየዋ በዚህ በር ገብታ ከሆነ ደንብ አልተጣሰም። ሄድ ቲቸሯ ብቻዋን ልታስገባትም አትችልም፤ ቦርዱ ተሰብስቦ ነው የሚወስነው፣ እሷ ያላት አንድ ድምፅ ነው። ሠራተኞቹን በዚህ በር አብዝቶ ማስገባትም አይቻልም፤ ሄድ ቲቸሯን ጨምሮ የሠራተኛ ቁጥር ከጠቅላላው ሲሶ ማለፍ የለበትም። ሌላም ሊሆን ይችላል። ባለፈው ዓመት የወላጅ ቦታ ተከፍቶ ማንም ሳይወዳደር ቀርቶ ይሆናል። ያኔ ቦርዱ ራሱ ወላጅ ይሾማል። ቅድሚያ እዚያ ልጅ ያለው ወላጅ፣ እሱ ካልተገኘ ልጁ ቀድሞ እዚያ የተማረ፣ ወይም ሌላ ቦታ ለትምህርት የደረሰም ሆነ ያልደረሰ ልጅ ያለው። እስቲ አስታውሺ፣ አምና እንዲህ ያለ ደብዳቤ በቦርሳ መጥቶ አልነበር? እኔ ቤት እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች ከሙዝ ልጣጭ ጋር ተጣብቀው ነው የሚገኙት።

ከመጠርጠር ማየት ይሻላል። የትምህርት ቤቱን ዌብሳይት ክፈቺ። የገቨርነሮቹ ስም፣ ማን እንደሾማቸው ወይም እንደመረጣቸው፣ የሥራ ዘመናቸው መቼ እንደሚያልቅ፣ ከትምህርት ቤቱ ጋር የሚያገናኝ የገንዘብ ጥቅም ካላቸው እሱ፣ ስብሰባ ስንቴ እንደተገኙ ሁሉ መውጣት አለበት። ምስጢር ካልሆነው በስተቀር የጸደቀ ቃለ ጉባኤም ማንም ጠይቆ ማየት ይችላል። ቢሮ ገብተሽ «ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ላየው» ብትዪ ያልተለመደ ነገር ስለሆነ ጸሐፊዋ ትደነግጣለች እንጂ አትከለክልሽም።

ያም ሆኖ ቅሬታሽ ከንቱ ነው አልልም። ቦርዶች በዚህ በር ሰው ሲያስገቡ የሚያውቁትን ነው የሚጠሩት። ያወቁት ደግሞ ጎረቤታቸውን ነው፣ የሥራ ባልደረባቸውን ነው። እኛን አያውቁንም። ለዚህም ነው የተመራጭ ወላጅ ቦታ የሚያሳሳኝ። ማንም ሳይጠራሽ የምትገቢበት በር እሱ ብቻ ነው።

ይህ በር ደግሞ ድሮ አልነበረም። በፈረንጆቹ 1977 አንድ ኮሚቴ አጥንቶ ወላጆች ቦርድ ውስጥ ይግቡ አለ፤ ከ1980 ጀምሮ በሕግ ገቡ። በ2016 ደግሞ መንግሥት «አካዳሚ የሚባሉት ትምህርት ቤቶች የግድ ወላጅ መምረጥ የለባቸውም» የሚል ሐሳብ አወጣ፤ አካዳሚ ማለት በካውንስሉ ሥር ሳይሆን በራሱ ድርጅት የሚተዳደር ነው። ወላጁም ፖለቲከኛውም ጮኸ። በዚያው ዓመት ሐሳቡ ተነሳ። ልጅሽ ያለበት ትምህርት ቤት አካዳሚ ከሆነ አብዛኛው የነገርኩሽ ነገር የሚገኘው በደንቡ ሳይሆን በድርጅቱ መተዳደሪያ ውስጥ ነው፤ ሁለት ወላጅ ግን እዚያም አይቀርም። ብዙ ትምህርት ቤት በአንድ ድርጅት ሥር ከሆነ ሁለቱ ወላጆች በየትምህርት ቤቱ ባለው ንዑስ ቦርድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የመወሰን ሥልጣኑ ግን ላይኛው ጋ ነው። ከመወዳደርሽ በፊት ይህን ጠይቂ። የካቶሊክ ትምህርት ቤት ከሆነ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኒቱ የምትሾማቸው ከሌሎቹ ሁሉ ተደምረው በ2 ይበልጣሉ። እዚያ ምርጫ አሸንፈሽ ብትገቢም ብዙኃኑ የተሾሙት መሆናቸውን አውቀሽ ግቢ።

ባለቤትሽን አልፈርድበትም። እሱ የሚያስታውሰው የአገር ቤቱን ይመስለኛል። እኛ አገርም የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርት ቤቶች ኅብረተሰቡ፣ መምህራንና ተማሪዎች ባሉበት ቦርድ ወይም ኮሚቴ ይመሩ ብሏል። ወረቀቱ መልካም ነበር። የእኔ እናት ግን ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ስትባል የሚታወሳት አጥር ነው። የአጥር መዋጮ፣ የዴስክ መዋጮ፣ ከዚያ ፊርማ። ስለ ትምህርቱ አስተያየት የጠየቃት ሰው ትዝ አይላትም። ባልሽ «ፈርሚ ሲሉሽ ልትፈርሚ ነው» ሲል ከዚህ ተነስቶ ይሆናል። እዚህም ፈርሞ የሚወጣ ገቨርነር ሞልቷል፣ ልዋሽሽ አልችልም። ግን ቦርዱ የገንዘብ አወጣጡን ይጠይቃል፣ ሄድ ቲቸር ሲለቅ ተተኪውን የሚመርጠው እሱ ነው፣ የሥራ አፈጻጸሟንም ይገመግማል። ጥያቄው ትጠይቂያለሽ ወይ ነው።

እንግዲህ ወደ ልጅሽ።

«ቦርዱ ውስጥ ብሆን ቢያንስ ይሰሙኝ ነበር» ብለሻል። እህቴ፣ ነገሩ ተቃራኒው ነው። ገቨርነር ከሆንሽ የልጅሽን ጉዳይ ልትነኪው አትችይም። የግል ጉዳይሽ ከተነሳ ከክፍሉ መውጣት ግዴታሽ ነው። በሩ ተዘግቶ እነሱ ያወራሉ፣ አንቺ ኮሪደር ላይ ልጆች የሣሉትን ሥዕል ታያለሽ። ይህንን በዓይኔ አይቼዋለሁ። አንዲት እናት ገብታ በመጀመሪያው ስብሰባ የሴት ልጇን ነገር አነሳች። ሰብሳቢው በጨዋነት አስቆማት። ከዚያ በኋላ ያለችው ነገር ሁሉ፣ እውነት እንኳ ቢሆን፣ «ስለ ልጇ ነው» ተባለ። ስለ ምሳው ብትናገር ስለ ልጇ ነው። ስለ ሽንት ቤቱ ብትናገር ስለ ልጇ ነው። በዓመቷ ለቀቀች። ስትናገር ግን ልክ ነበረች፣ ሽንት ቤቱ በእውነት ይሸት ነበር።

የልጅሽን ጉዳይ በወላጅነትሽ ያዢው። እንደ ወላጅ ያለሽን መብት አሁኑኑ ተጠቀሚበት። የአንድ ቀን እገዳ ቢሆንም ለቦርዱ አስተያየትሽን በጽሑፍ ማቅረብ ትችያለሽ፤ ማየት ግዴታቸው ነው። በተርሙ (በትምህርት ወቅቱ) ውስጥ እገዳው ተደምሮ ከ5 ቀን ካልበለጠ ውሳኔውን መሻር አይችሉም፣ ያን እወቂ። የጻፍሽው ነገር ግን ፋይሉ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ከዚህ ሌላ ትምህርት ቤቱ የአቤቱታ ሥርዓት እንዲኖረው በሕግ ይገደዳል። ወረቀቱን ጠይቂ፤ የጊዜ ገደብ ስለሚኖረው እሱን አንብቢ። ደግሞ ቅር እንዳይልሽ፤ ስለ ሌላው ልጅ ምን እንደተደረገ አይነግሩሽም። የእሱ ምስጢር ነው፣ ያንቺም ልጅ እንደዚያው ነው የሚጠበቅለት። «ምንም አልተባለም» ያልሽው ከልጅሽ የሰማሽውን ይመስለኛል። ላይሆን ይችላል። ሊሆንም ይችላል።

ግን ይኸው ቁጭት ቦርዱ ውስጥ ሌላ መልክ ሊይዝ ይችላል። ገቨርነር «ልጄ ለምን ታገደ?» ብሎ መጠየቅ አይችልም። «ዘንድሮ ስንት ልጅ ታገደ? ከእነዚያ ውስጥ ጥቁር ወንዶች ልጆች ስንት ናቸው? ከአምናው ሲነጻጸርስ?» ብሎ መጠየቅ ግን ይችላል። ሥራውም እሱ ነው። ሄድ ቲቸሯ ቁጥር ይዛ መምጣት አለባት። እኔ እንዲህ ያለ ጥያቄ ስትጠየቅ ያየኋት ሄድ ቲቸር መነጽሯን አውልቃ፣ ጠርጋ፣ መልሳ አድርጋ «በሚቀጥለው ስብሰባ ይዤ እመጣለሁ» አለች። ይዛ መጣች። ከዚያ በኋላ በየተርሙ ሳትጠየቅም ይዛ ትመጣ ነበር።

ልዩነቱ ገብቶሽ ከሆነ ለቦታው ትሆኛለሽ። ያ 11 እናት የሚመርጥሽም እንዲሁ መረዳት አለበት። ወላጆች መርጠው ያስገቡሻል፣ የወላጆች ጠበቃ ግን አትሆኚም። «ሐበሾቹ እንዲህ በይ ብለውኛል» ብለሽ አትመጪም። ለሁሉም ልጅ ይበጃል ያልሽውን በራስሽ ሕሊና ትናገሪያለሽ። ከስብሰባ በኋላ በር ላይ «ምን ተባለ?» ሲሉሽም ምስጢሩን አትነግሪያቸውም። ይህ ለእኛ ሰው ከባድ ነው፣ በተለይ ቡና ላይ። ከ2017 ወዲህ ደግሞ ቦርዱ የተመረጠን ወላጅ ጭምር ማሰናበት ይችላል፤ ቢያንስ 14 ቀን በሚራራቁ ሁለት ስብሰባዎች ላይ መወሰን አለበት እንጂ። እዚያ የሚደርሰው ከባድ ጥፋት ሲሆን ነው። ምስጢር ማውጣት አንዱ ነው።

እንግሊዝኛውን ፈርተሻል። እኔም ፈርቼ ነበር። የመጀመሪያ ስብሰባዬ የልጆቹ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበር፤ ወንበሩ የ6 ዓመት ልጅ ወንበር፣ ጉልበቴ አገጬ ጋ ደርሶ። ወረቀቱ ከሳምንት በፊት ተልኮልኝ 80 ገጽ ይሆናል፣ ሁሉንም አንብቤ፣ በመዝገበ ቃላት ፈትቼ ነበር የሄድኩት። ስብሰባው ሲጀመር ግን ምንም አልገባኝም። «ሴንድ» ይላሉ፣ «ሴንድ» ይላሉ። ምን ሊልኩ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ለካ ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ማለታቸው ነው። በሦስተኛው ስብሰባ ሌላ ምህጻረ ቃል ሲመጣ ድፍረት አግኝቼ «ይቅርታ፣ ምን ማለት ነው?» አልኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ጡረታ የወጡ የሒሳብ ባለሙያ ጎንበስ ብለው «እግዜር ይስጥሽ፣ እኔም አላውቀውም ነበር» አሉኝ። ለሁለት ዓመት ገቨርነር ነበሩ!

ደግሞ አንቺ ኬር ወርከር ነሽ። የአረጋውያንን የመድኃኒት ሰዓት ትመዘግቢያለሽ፣ ሪፖርት ትጽፊያለሽ፣ አንድ ነገር ሲጎድል ለአለቃሽ ታሳውቂያለሽ። ቦርዱ ስለ ልጆች ደህንነት የሚያወራው በዚሁ ቋንቋ ነው። እዚያ ከሚቀመጡት ብዙዎቹ ያንን ከወረቀት ነው የሚያውቁት።

ስለዚህ ጽሑፍሽን ከዚህ ጀምሪው። «ልጆቼን እወዳለሁ፣ ትምህርት ቁልፍ ነው» ብለሽ አትጻፊ፤ ሁሉም እሱን ነው የሚጽፈው። እንዲህ አይነት ነገር ይሁን፤ «ይር ፎርና ሪሴፕሽን ልጆች አሉኝ። ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው፣ የደህንነት ሪፖርት መጻፍ የዕለት ተዕለት ሥራዬ ነው። ቤታችን የምንናገረው አማርኛ ነው፤ እንግሊዝኛ ቤታቸው የማይነገር ልጆች ንባብ ላይ ምን እንደሚቸግራቸው አውቃለሁ። ማታ የሚሠሩ ወላጆች የትምህርት ቤቱን ስብሰባ ለምን እንደሚቀሩም አውቃለሁ።» በቃ። የቃላት ገደብ ይኖረዋል፣ ደብዳቤው ላይ ፈልጊው። ስለ እገዳው አንድ ቃል እንዳታስገቢ። እንግሊዝኛውን የምታምኚው ሰው ይይልሽ፤ ግን አያሳምረው። ካሳመረው ስብሰባ ላይ ሌላ ሰው ይጠብቃሉ።

ስለ ጊዜው። ሙሉ ቦርዱ በዓመት ቢያንስ 3 ጊዜ መሰብሰብ አለበት፣ ብዙው ግን ከዚያ በላይ ይሰበሰባል፣ ንዑስ ኮሚቴም አለ። ስብሰባው ባብዛኛው ምሽት ነው፣ በእኛ 12 ሰዓት አካባቢ፤ አንቺ ፈረቃ የምትገቢበት ሰዓት። ቀኖቹ በዓመቱ መጀመሪያ ስለሚወጡ ለሮታ (የፈረቃ ፕሮግራም) አውጪሽ አስቀድመሽ ስጪ። ቋሚ ተቀጣሪ ከሆንሽ፣ ትምህርት ቤቱም በካውንስል ሥር ከሆነ፣ አሠሪሽ ለዚህ ሥራ ተመጣጣኝ ጊዜ መስጠት አለበት። ክፍያ ግን አይገደድም። በኤጀንሲ የምትሠሪ ከሆነ ይህ መብት ላይሠራልሽ ይችላል፣ ውልሽን እይ። ሳያስፈቅዱ 6 ወር ሙሉ ከስብሰባ መቅረት ቦታውን ያሳጣል። ስለዚህ ስትቀሪ ዝም ብለሽ አትቅሪ፤ ለቦርዱ ጸሐፊ ጻፊ፣ መቅረትሽም በስብሰባው ተቀባይነት ማግኘቱን ጠይቂ።

ደመወዝ የለውም። የባቡሩንና የልጅ ጠባቂውን ወጪ የሚሸፍን ደንብ ያላቸው ቦርዶች አሉ፣ ጠይቂ፣ አትፈሪ። የቀረብሽን የፈረቃ ገንዘብ ግን ማንም አይተካልሽም። የሥራ ዘመኑ አብዛኛውን ጊዜ 4 ዓመት ነው። ልጅሽ በመሃል ትምህርት ቤቱን ቢጨርስ እንኳ ዘመንሽን መጨረስ ትችያለሽ፣ ያንቺ ትንሿ ደግሞ ገና ናት። ከተመረጥሽ በ21 ቀን ውስጥ የዲቢኤስ (የወንጀል ሪከርድ ምርመራ) ማመልከቻ ይገባልሻል፤ ለሥራሽ አንዴ ስላወጣሽ ታውቂዋለሽ፣ ለበጎ ፈቃደኛ ነፃ ነው።

እኔን ከጠየቅሽኝ ተወዳደሪ። ብትሸነፊም ስምሽን ያውቁታል፤ ኮኦፕትድ ሰው ሲፈልጉ ከሚያስታውሷቸው አንዷ ትሆኛለሽ። ባልሽንም አትሟገቺው። ስብሰባ በሚኖርሽ ማታ ልጆቹን ማን እንደሚያስተኛ ብቻ አሁን ተነጋገሩ።

ቅጹን ሐሙስ ጠዋት ልጆቹን ስታደርሺ ራስሽ ለቢሮው ስጪ፣ በልጅ ቦርሳ አትላኪው። ፎቶ አንሺው። ስለ ልጅሽ እገዳ የምትጽፊውንም በዚሁ ሳምንት ጻፊ፣ አታቆዪው። ሁለቱን ብቻ በአንድ ፖስታ እንዳታደርጊያቸው።